የጋሽ ጆሮ አውቶቡስ

ከመነሳታቸው በፊት የተስማሙት እንዲህ ነበር፦ አውቶቡሷ አንዴ ብትቆም የመንገድ ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለቴ ብትቆም የእርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ከቆመች ግን ጉዞው እዚያው ያበቃል፣ አውቶቡሷም ለመጀመሪያው ፈላጊ ትሸጣለች። ውሉን ያወጣችው ሚስትየዋ ናት። ባልየው ሳያንገራግር እሺ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት ሕዝብ ያመላለሰ ሹፌር ስለሆነ፣ ሦስቴ መቆም የሚባለው ነገር በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ እንጂ በእሱ ላይ የሚደርስ አልመሰለውም። «እኔ እያለሁ?» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለቱን ጨረሷቸው።

አውቶቡሷ የራሱ ናት። የራሱ ናት ሲባል ገዝቷት ብቻ አይደለም፤ ከአዲስነቷ ጀምሮ ሃያ ሰባቱንም ዓመት አንድ መስመር ላይ የነዳት እሱ ነው። ድርጅቱ አርጅታለች ብሎ ከሥራ ባስወጣት ዓመት እሱም ጡረታ ወጣ፤ ጓደኞቹም «ባልና ሚስት አብረው ተሰናበቱ» እያሉ ሳቁ። እውነተኛዋ ሚስት ይህን ቀልድ ስትሰማ አልሳቀችም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አሮጌ ብረት ነጋዴ ግቢ ሄዶ፣ ልትቆራረጥ ተራ የምትጠብቀውን አውቶቡስ እየነዳ መጥቶ ደጃፏ ላይ ሲገትራት ጭራሽ አልሳቀችም።

ስምንት ወር ለፉባት። ወንበሮቹን ፈትተው አወጡ። አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይታጨቅበት በነበረው የኋላ ወንበር ቦታ አልጋ ገባ። ከአልጋው ቀጥሎ ቁም ሳጥን፣ ከዚያ ባለ ሁለት ምድጃ ጋዝ፣ ከዚያ ከጀሪካን ውሃ የሚወርድለት የዕቃ ማጠቢያ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመኖሪያቸው ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ልብስ ስትሰፋ፣ ስታሳጥርና ስታስረዝም የኖረች። ስለዚህ መጋረጃውንም የአልጋ ልብሱንም ራሷ ሰፋችው። እሱ ደግሞ ሊያባብላት ብሎ አንዷን የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር አስቀምጦ በአራት ብሎን ከወለሉ ጋር አሰረላት። «ሱቅሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አላት።

አንድ ነገር ብቻ እንዲነካ አልፈቀደም፤ ከመሪው በላይ የተለጠፈውን «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ። «ከሚስቱ በቀር ብለህ ጨምርበት» ብትለው «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ሳቀ። በቀልድ የተባለ ቢሆንም ሁለቱም አከበሩት። እሱ ሲነዳ እሷ ከኋላ ስፌቷን ትሠራለች፤ ወሬ የሚጀመረው አውቶቡሷ ስትቆም ነው።

ቅጽል ስሙ ጋሽ ጆሮ ይባላል። ያወጡለት የድርጅቱ መካኒኮች ናቸው። የአንድ ሞተር ሕመም አልታወቅ ሲላቸው ከምሳው ያስነሱታል። እያላመጠ ይመጣል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ «ሦስተኛው ቫልቭ» ብሎ ወደ ምሳው ይመለሳል። ሲከፍቱት ሦስተኛው ቫልቭ ነው። ቤትም ቢሆን ያው ነበር። እሷ ከታች ስትሰፋ እሱ ፎቅ ላይ ጋደም እንዳለ «ዘይት ጠምቷታል!» ብሎ ይጮኻል፤ እውነትም የስፌት መኪናዋ ደርቃ ትገኛለች። ሚስትየዋ በብዙ ነገር ትጠረጥረዋለች፤ ከገበያ ይዞት በሚመጣው ሽንኩርት፣ በሚመርጠው የሸሚዝ ቀለም፣ በሚያወራው የጎረምሳነት ጀብዱ። ጆሮውን ግን ተጠራጥራ አታውቅም።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። መስመሩ የሚያልቀው አንዲት መለስተኛ ከተማ ውስጥ፣ ሰፊ አደባባይ ላይ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ተሳፋሪውን እዚያ አራግፎ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ ወደመጣበት ተመልሷል። መንገዱ ግን ከአደባባዩ ወዲያም ይቀጥላል፤ ቁልቁል ወርዶ ባሕሩ ድረስ ይዘልቃል። ተሳፋሪዎቹ በሌላ መኪና ወደዚያ ሲሄዱ፣ ሲመለሱም ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጫማቸው አሸዋ ጠጥቶ ሲሳፈሩ ያያል። «እኔ ስለ ባሕር የማውቀው ማታ ማታ ከወለሉ የምጠርገውን አሸዋ ብቻ ነው» ይል ነበር። አሁን በዚያችው አውቶቡስ ከአደባባዩ ማለፍ ፈለገ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

እሷም መጀመሪያ ላይ ፈልጋ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በመስኮት እያየች ደስ ብሏት ሄዳለች። ከዚያ ሱቋ ናፈቃት። መቀሷን የምትሰቅልበት ምስማር ሳይቀር ናፈቃት፤ አሁን አውቶቡሷን ሙሉ ብትፈልግ መቀሷ አይገኝም፣ አንዱ ኩርባ ላይ ተንሸራቶ አልጋ ሥር ገብቷል።

በሁለተኛው ቀን የራዲያተሩ ቱቦ ፈነዳ። ከመፈንዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ከሞተሩ በኩል የሚያፏጭ ነገር ሰምታ ነበር። እሱ ዝም ብሎ ሲነዳ ጊዜ «አውቆታል» ብላ ተወችው። ደግነቱ ጥላ ያለው ዛፍ አጠገብ ስለቆሙ፣ እሱ ቱቦውን ቆርጦ እስኪቀጥል እሷ ድንች ቀቅላ፣ ሣር ላይ ተቀምጠው በሉ። ክፉ ቀን አልነበረም። «ይቺ አትቆጠርም አልልም፤ አንድ ብለሽ ያዢልኝ» አላት በኩራት።

በአራተኛው ቀን የሞተሩ ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ቺንጋውም ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቡችላ ሲያለቅስ ቆይቶ ነው ዳገት ላይ የተበጠሰው። ትርፍ ቺንጋ አልያዙም። ሁለቱም አንገታቸውን ሞተሩ ውስጥ ቀብረው ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ እሷ ወገቡን አየችና «ቀበቶህን ፍታ» አለችው። የሱሪ ቀበቶውን ለክታ ቆርጣ፣ በወፍራም ክር አራት ጊዜ አመላልሳ ሰፋችው፤ ያ ቀበቶ እያዘገመ የሚቀጥለው መንደር አደረሳቸው። ጋሽ ጆሮ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ሻጩ በሳቅ ሞተ። እሷም ስትስቅ ዋለች፤ ማታ ግን ተኝታ «ሁለት» አለች ለራሷ፤ ድምፁን ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ችላ እንዳለው እያሰበች። ግትርነቱ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሳይነሱ፣ ሱቁን በአደራ የሰጠቻት የእህቷ ልጅ ደወለች።

«አክስቴ፣ ያቺ ድምፀ ወፍራሟ ደንበኛሽ መጥታ ነበር። የልጇን የሠርግ ጨርቅ ዘርግታ ካሳየችኝ በኋላ "አክስትሽ ካልመጣች አይሆንም" ብላ አጣጥፋ ይዛው ሄደች።»

«አይዞሽ፣ እኔን ለምዳ ነው።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«እንጃ» አለቻት። ስልኩን ዘጋች። ያንን ጨርቅ በዓይኗ ሳታየው እጇ ላይ ተሰማት።

ከተነሱ ሰዓት ሳይሞላ ድምፁን ሰማች። ከአልጋው ሥር፣ ከቀኙ የኋላ ጎማ በኩል ነው። መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስል ነበር። ቆይቶ ወፈረ፤ አውቶቡሷ ስትፈጥን አብሮ ይፈጥናል፣ ስትዘገይ አብሮ ይጎተታል። ኩሽኔታ ነው። ጎማውን የሚያሽከረክሩት ድቡልቡል ብረቶች ሲደርቁ ምን እንደሚሉ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም፤ የስፌት መኪናዋ ሞተር ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ እያለ ነው የተቃጠለው።

ቀና ብላ የባሏን ማጅራት አየች። ክርኑን መስኮት ላይ ጥሎ፣ ዘና ብሎ ይነዳል። አደባባዩ ሊደርስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። «ሰምቶታል፤ ንቆታል» አለች። እሷም ልትንቀው ሞከረች። ድምፁ ግን እየባሰበት ሄዶ ወፍጮ ሆነ፤ ሲኒ ውስጥ ያስቀመጠችው መርፌ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጨርቁን አስቀምጣ ተነሳች። ቁም ሳጥኑን ይዛ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትከሻውን መንካት ብቻ ነው የቀራት።

እዚያው ቆመች። ሦስተኛ መሆኑ ነው፤ ዛሬ አውቶቡሷ ከቆመች እሷ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ሱቋ ውስጥ ናት፤ ጨርቁም ይመለሳል። ማንም አይወቅሳትም፤ ውሉ የታወቀ ነው። ደግሞስ ጆሮ ያለው እሱ አይደል? ሰምቶ ካላቆመ እሷ ምን ቤት ናት? «ትቁም» አለች በልቧ። «እኔ ሳልናገር ራሷ ትቁም።» ተመልሳ ተቀመጠች። የጨርቁን ጠርዝ መዘምዘም ጀመረች፣ አበላሸች፣ ፈታች፤ እንደገና ጀመረች፣ አሁንም አበላሸች። ባሏን እየሸወደች እንደሆነ ታውቃለች፤ አውቃም አልተነሳችም።

በመጨረሻ ያስቆማቸው ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ነው። መብራት እያበራ ጎናቸው ደረሰ፤ የዚያኛው ሹፌር እጁን አውጥቶ ወደ ኋላ ጎማ አመለከተ። ጋሽ ጆሮ በመስታወቱ ጭሱን አየና ዳር ይዞ አቆመ። ከፊታቸው የመጨረሻዋ ከተማ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ይታያሉ።

ወርዶ እጁን ወደ ጎማው ሰደደና ቶሎ መለሰው፤ ግለቱ ሳይነኩት ያቃጥላል። እሷም ወረደች። «ይሄ ከሞተሩ አይደለም፣ አይቆጠርም» የሚለውን ክርክር ልትሰማ ተዘጋጅታ ነበር፤ መልሱንም አሰናድታለች። እሱ ግን ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገና «ሦስት» አለ። «ሦስት ሆነች። ውል ውል ነው።»

የፈለገችውን አገኘች። ያሰበችውን ያህል ግን አልጣማትም።

እግረኛ እየቀደማቸው፣ ከተማው መግቢያ ላይ ያለ ጋራዥ ደረሱ። ባለቤቱ መካኒክ ሰማያዊ ቱታው ሆዱ ላይ የጠበበው ሳቂታ ሰው ነው። ሹፌሩን ሲያይ እጁን ዘርግቶ ሮጠ።

«ጋሽ ጆሮ! ኧረ በስማም! ሞተዋል ሲሉን ነበር እኮ!»

«ጡረታ ነው የወጣሁት።»

«ያው ነው!» አለና ሁለት ሠራተኞቹን ጠራ። «ኑ፣ ይሄን ሰው እዩት። እኔ ሥራ ስጀምር እዚህ በር ላይ ቆሞ "ሁለተኛው ማርሽህ ጥርሱ ተሰብሯል" ብሎኝ ሄደ። መኪናዋ ገና ግቢ አልገባችም እኮ!»

ጋሽ ጆሮ ፈገግ ብሎ መካኒኩን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ «ልሸጣት ነው» አለ። «የሚፈልግ ካወቅህ ንገረኝ።»

መካኒኩ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን አውቶቡሷን ዞሮ አያት፣ መጋረጃዋን፣ ምድጃዋን። «እኔው እወስዳታለሁ። ጎማዋን አወላልቄ ደጄ ላይ ሻይ ቤት አደርጋታለሁ። መቼም ከመቆራረጥ ይሻላታል።»

«ጥሩ። ግን አስቀድመህ ሥራት። አንካሳ አድርጌ አላስረክብህም።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ ፊቷን አዞረች። ሻይ ቤት። መጋረጃዋ ላይ የሰው እጅ ሲጠረግ ታያት።

በክሪክ አንስተው ጎማውን አወለቁ። ኩሽኔታው ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። መካኒኩ በጨርቅ ይዞ አገላበጠው። «ይሄ እኮ ለጉድ ሲጮህ ነው የመጣው! ትንሽ ቢቆይ ጎማው ብቻውን ይቀድማችሁ ነበር። ጋሽ ጆሮ፣ እርስዎን እንዴት አመለጠዎት?»

«እርጅና» አለ ጋሽ ጆሮ። መካኒኩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጎማው ቢወጣ ሰው ሊሞት እንደሚችል አላሰበችም ነበር፤ መቆም ብቻ ነበር ያሰበችው።

ከጓሮ ከወደቀ ተመሳሳይ አውቶቡስ ላይ ደህና ኩሽኔታ ተፈልጎ ተገኘ፣ በግራሶ ታሽቶ ገባ። ከዚያ መካኒኩ «ከተነሳች አይቀር የግራውንም እንየው» ብሎ የግራውን ጎማ በእጁ አሽከረከረ። ረጅም ካቻቢቴ አንስቶም በሁለት እጁ ለጋሽ ጆሮ አቀረበለት፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ የድሮ ሹፌሮች ምርመራ ነው። «ያድምጡልን። እነዚህም ይዩና ይማሩ።»

ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ልክ እንደ ድሮው። ጎማው ይዞራል። እሷ አራት እርምጃ ርቃ ቆማ ድምፁን ሰማችው፤ አሸዋ በጥርስ መሀል ሲፈጭ ይመስላል። ይህም ሊሞት ነው። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄ ጤነኛ ነው» አለ።

መካኒኩ እጁ አሁንም ጎማው ላይ ነው፤ መዳፉ ላይ የሚሰማውን ያውቃል። መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። የስፌት መኪናዋ ስትቃጠል ፎቅ ላይ ሆኖ አለመጣራቱ። ስልክ ሲጮህ «አንቺ አንሺው» ማለቱ። ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ማየቱ። እድር ሰልችቶኛል፣ ሰው ሰልችቶኛል እያለ ቤት መዋሉ። ቴሌቪዥኑን ከፍ ሲያደርገው ስትቆጣ «ሰፈሩም ይስማ» እያለ የሚቀልደው ቀልድ። ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ እያደሩ! እሷ ደግሞ በክር ቀለም ልዩነት ሰው የምታርም ዓይናማ ነኝ ባይ።

ሦስቱ ወንዶች ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ጆሮም ካቻቢቴውን እንደያዘ ነው። እሷ ወደፊት ራመድ አለች።

«እኔ ደስ አላለኝም» አለች መካኒኩን እያየች። «አልጋዬ በዚያ በኩል ነው። ለእንቅልፌ ስትል ቀይርልኝ።»

«እትዬ ካዘዙማ ምን ቃል አለኝ!» አለ መካኒኩ በጥድፊያ፤ ትልቅ ሸክም የወረደለት መሰለ። «በሉ፣ ፍቱት!»

ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሚስቱን አያት። እሷም አየችው።

ግድግዳው ጥግ፣ ከሆነ መኪና የተነቀለ ወንበር አለ። እዚያ ሄዶ ተቀመጠ፤ ተከትላው ተቀመጠች። ሠራተኞቹ መዶሻ ማንሳት ጀምረዋል። እሷ የምትለው ነገር በሹክሹክታ ካልሆነ የሚወጣ አልመሰላትም።

«ሰምቼው ነበር» አለች ዝግ ብላ።

እሱ ፊት ለፊቱን ያያል።

«ሰምቼው ነበር አልኩህ።»

ዞረ። «እ?»

«የጎማውን ድምፅ።»

«ምን? ቀና በይ፣ አፍሽን ልየው።»

መዶሻው ይደበድባል። እልህ ያዛት፤ ሐፍረትም፣ ለቅሶም አብረው መጡ። ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ሰምቼዋለሁ! ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ እየሰማሁ ዝም ያልኩህ አውቶቡሷ ለሦስተኛ ጊዜ ቆማ ቤቴ ልመለስ ፈልጌ ነው!»

መዶሻው መሀል ላይ ቆመ። መካኒኩ ጎማ ሥር እንደተጎነበሰ ቀረ። ከመንገድ ማዶ አንዲት ሴት ሳይቀር በረንዳ ላይ ወጥታ አየቻቸው። እሷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» አለ ጋሽ ጆሮ፤ መዶሻውም በችኮላ ቀጠለ። እጇን ስቦ አስቀመጣት። ጣቶቿን ያዘ፤ እሷ ስድቡን ትጠብቃለች።

«የድርጅቱ የመጨረሻው የጤና ምርመራ ጊዜ» አለ፣ «ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍተውብኝ፣ ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሳ አሉኝ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ሐኪሟ መጥታ ማዳመጫውን አወለቀችልኝ። አልቋል አለችኝ። እኔ ገና አልተጀመረም ብዬ ነበር የምጠብቀው።»

እሷ ሻርፑን ከፊቷ አወረደች።

«እነሱ ሳያስወጡኝ ራሴ ጡረታ ጠየቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ጆሮ ደነቆረ ሲሉ በሕይወቴ መስማት አልፈልግም።» ትንሽ ሳቀ። «ለነገሩ አልሰማም ነበር።»

«ለእኔስ? ለእኔስ አትነግረኝም?»

«ላንቺማ መንገር ምን ያስፈልጋል ብዬ። አንቺ አለሽልኝ እኮ። አንቺ የመርፌ ድምፅ የምትለዪ ሴት ነሽ። ከኋላዬ ተቀምጠሽ ዝም ካልሽ፣ ደህና ናት ማለት ነው ብዬ ነበር የምነዳው። አምስቱንም ቀን በአንቺ ዝምታ ነው የነዳሁት።»

ይህን ሲል ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያው ነገሩን መንገሩ ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሷ አምስቱን ቀን እሱ ይሰማል ብላ ዝም አለች፤ እሱ አምስቱን ቀን እሷ ዝም ብላለች ብሎ ነዳ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እጇ ትከሻው ጋ ሊደርስ ሲል ተመለሰ። አለቀሰች፤ እየጮኸች ሳይሆን በቀስታ። ይሄን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልገውም ነበር፤ አየና ጀርባዋን ዳበሳት።

ስታበቃ ፊቷን ጠረገች፣ ቀና ብላም አፏን እያሳየችው ቃሉን አንድ በአንድ ተናገረች።

«ሁለት ነው።»

«ሦስት ነው። ራሴ ቆጥሬያለሁ።»

«የዛሬው የአውቶቡሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። የአውቶቡሷ ሁለት ነው። አትሸጥም።»

«ሱቅሽስ?»

«ሱቄ ሠላሳ ዓመት ጠብቆኛል፤ አንድ ሳምንት ቢጨምር አይሞትም። ያቺ ደንበኛም ካልፈለገች ትተወው።» ይህን ስትል ጨርቁ ትንሽ ቆጫት፤ ቢሆንም ቃሏን አልመለሰችም።

ማምሻው ላይ ሥራው አለቀ። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። እንደ ልማዱ «እንዴት ናት፣ ጋሽ ጆሮ?» ሊል አፉን ከፍቶ መሀል ላይ ተወው፤ እጁንም ይበልጥ ጠረገ። ጋሽ ጆሮ ግን አፉን አይቶት ነበር።

«እሷን ጠይቃት» አለ፣ ሠራተኞቹም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ አልሰማም። ከሁለት ዓመት ወዲህ አልሰማም። አሁን ጆሮዬ እሷ ናት።»

ማንም አልሳቀም። መካኒኩ ወደ እሷ ዞረና ለእሱ ያሳየው በነበረው አክብሮት ትንሽ ዝቅ ብሎ «እንዴት ናት፣ እትዬ?» አላት።

አዳመጠች። ጊዜ ወስዳ አዳመጠች፤ የስፌት መኪና ስትሞክር እንደምታደርገው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ግራ በኩል አንድ የላላ ቆርቆሮ አለ። ሌላው ደህና ነው።» ሄደው ሲያዩት የጭቃ መከላከያው ብሎን ላልቷል።

«ሻይ ቤቴ ቀረ ማለት ነው» አለ መካኒኩ እየሳቀ፣ ብሎኑን ሲያጠብቅ።

በማግስቱ ከአደባባዩ ሲያልፉ እሷ ከኋላ አልነበረችም። ከሹፌሩ ጎን፣ በሞተሩ ክዳን ላይ ትራስ አድርጋ ተቀምጣለች። የሰማችውን ድምፅ ሁሉ ትነግረው ጀመር፤ የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም። ትከሻውን ትመታዋለች፣ ዞር ብሎ አንዴ አፏን ያያል፣ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ከኋላ ማንኪያ ነው የወደቀው። ማርሹ ደህና ገባ። ሰውዬው ጥሩምባ የነፋው ለእኛ አይደለም፣ ለበጎቹ ነው። ዝናብ ጀመረ፣ ጣሪያው ላይ ገና ትንሽ ትንሽ ነው። ስለ ዝናቡ ስትነግረው ጋሽ ጆሮ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ለብዙ ጊዜም ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ አለቀ። አውቶቡሷን አቁመው ወረዱ። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሎ፣ ነጭ ማዕበል እየገፋ ይመጣል፣ ይመለሳል። ጋሽ ጆሮ ጫማውን ሳያወልቅ ውሃው አፍ ድረስ ሄዶ ቆመ። ብዙ አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምን ይላል?» አላት።

ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ሲያዳምጥ አንገቱን ለምን እንደሚያዘነብል አሁን ገባት።

«ረጅም ጥሩ ጨርቅ በእጅ ሲቀደድ ነው የሚመስለው» አለችው አፏን እያሳየች። «ቀስ ተብሎ። ከዚያ ያርፋል። ከዚያ ደግሞ ከዚያው ይጀምራል።»

ራሱን ነቀነቀ። ውሃው ጫማው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«አሁንስ?» አላት።

«አሁንም» አለችው።